መጀመሪያ ያየውን ሰው ስሙት

ለዓለም ጤና ድርጅት አባል አገራት የጤና እና የገንዘብ ሚኒስትሮች

ክቡራን እና ክቡራት፣

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውን ነገር ከእናንተ በላይ የሚያውቀው የለም። ወረርሽኝ አንዴ ከተዛመተ በኋላ ሒሳቡን ፈርማችሁ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ለቀባሪው አረዱት እንዳይሆንብኝ እሰጋለሁ። ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። አዳዲስ ተላላፊ በሽታዎች ከየት ተነሱ፣ መጀመሪያ ማን አያቸው፣ እስኪታወቁ ምን ያህል ጊዜ ፈጀ የሚለውን ለረጅም ጊዜ ስከታተል የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን የማየው ነገር ያሳስበኛል። ኮቪድ ባስደነገጠን ሰሞን የተገቡ ቃሎች ቀስ በቀስ ከበጀት መዝገቡ እየወጡ ነው። በሽታ ሳይዛመት ሲያዝ ዜና አይሆንም። ዜና ላልሆነ ነገር ደግሞ በጀት ሲደለደል ተሟጋች አይገኝለትም።

የምጠይቃችሁ ባጭሩ ይሄ ነው። በሽታውን መጀመሪያ ያየ ሰው ሲደውል ስልኩ ይነሳለት። የላከው ናሙና ይመርመርለት። በመናገሩ አይጎዳ። ለዚህ የሚሆን ገንዘብና ሕግ መድቡ። (በደብዳቤው ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ሌጎስን አስታውሱ። ጁላይ 20 ቀን 2014 ከላይቤሪያ የተነሳ አንድ መንገደኛ ሌጎስ አየር ማረፊያ እንደደረሰ ወደቀ። ወደ አንድ የግል ሆስፒታል ተወሰደ። ወባ ነው ተባለና የወባ ሕክምና ተጀመረለት። በማግሥቱ ያዩት ሐኪም ዶክተር አሜዮ አዳዴቮህ ነበሩ። ናይጄሪያ ከዚያ በፊት አንድም የኢቦላ ታማሚ ኖሯት አያውቅም። የሰውየው ሁኔታ ግን አልጣማቸውም። ጠየቁት። ኢቦላ ካለበት ሰው ጋር ንክኪ የለኝም አለ። እሳቸው በዚህ አልረኩም። ናሙና እንዲወሰድ አደረጉ፣ ለሚመለከታቸው አሳወቁ፣ ውጤቱ እስኪታወቅም ከሆስፒታሉ እንዳይወጣ ያዙት። ሰውየው በሌላ ከተማ ስብሰባ ነበረበት። ልቀቁት የሚል ግፊት ከአገሩ ባለሥልጣናት መጣ። እምቢ አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለእናንተ ለገንዘብ ሚኒስትሮቹ በተለይ የሚጠቅም ነገር ነው። ናይጄሪያ ፖሊዮን ለማጥፋት ያቋቋመችው የአስቸኳይ ጊዜ ማስተባበሪያ ማዕከል ነበራት። ሰዎቹ የሠለጠኑ ናቸው። ቤት ለቤት መዞር ለምደዋል፤ ሰፈሩንም ያውቁታል። ፊታቸውን ወዲያው ወደ ኢቦላ አዞሩ። 900 የሚጠጉ ንክኪ ያላቸው ሰዎች ተለዩ። ክትትል የሚያደርጉት ሠራተኞች 18,500 ያህል ጊዜ በአካል እየሄዱ አዩዋቸው፤ ትኩሳት ይኑራቸው አይኑራቸው አረጋገጡ። ሕዝብ በሚርመሰመስባት ሌጎስ ውስጥ የገባ ኢቦላ በመላ አገሪቱ 20 ሰው ይዞ፣ 8 ሰው ገድሎ ቆመ። ኦክቶበር 20 ቀን ናይጄሪያ ከኢቦላ ነፃ ተባለች። ከስምንቱ ሟቾች አንዷ ዶክተር አዳዴቮህ ናቸው። ኦገስት 19 ቀን አረፉ።

ያው ወረርሽኝ የተነሳበትን ቦታ ደግሞ ተመልከቱ። ሜሊያንዱ በጊኒ ጫካማ አካባቢ ያለች ትንሽ መንደር ናት። በዲሴምበር 2013 እዚያ አንድ ሕፃን ሞተ። ቤተሰቡ ተከተለ። ከዚያም ያከሙና የቀበሩ ሰዎች መታመም ጀመሩ። ኮሌራ ይሆናል ተባለ። ሌላም ግምት ተሰነዘረ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ወር አለፈ።

በማርች 2014 ከአካባቢው የተላከ የታማሚዎች ሪፖርት የድንበር የለሽ ሐኪሞች ባልደረባ የሆኑት ሚሼል ቫን ኸርፕ እጅ ገባ። ትኩሳት፣ ትውከት፣ ተቅማጥ፤ ብዙ በሽታ ላይ የሚታይ ነገር ነው። ዓይናቸውን የያዘው ግን ስቅታ ነበር። ብዙ ታማሚዎች ስቅታ ነበረባቸው ይላል ሪፖርቱ። ኢቦላን በቅርበት የሚያውቅ ሰው ስቅታን አይቶ አያልፍም። ናሙናዎቹ ወደ አውሮፓ ተላኩ። ውጤቱ ሲመጣ ኢቦላ ሆኖ ተገኘ። እስከዚያ ድረስ በሽታው ዋና ከተማዋ ኮናክሪ ገብቶ ነበር። ወረርሽኙ ሲያበቃ የታመመው ሰው ከ28,600 በላይ፣ የሞተው ከ11,300 በላይ ሆነ።

በእነዚያ ሦስት ወራት ውስጥ በሽታውን ያየ ሰው አልነበረም እንዴ? ነበረ እንጂ። ቤተሰብ አይቷል፣ አስታማሚ አይቷል፣ የጤና ሠራተኛ አይቷል። ስቅታውን ወረቀት ላይ ያሰፈረው ሰው ታማሚው ዘንድ የደረሰ ሰው ነው። የጠፋው ያዩትን ነገር ተቀብሎ የሚመረምርላቸው አካል ነው። በሌጎስና በሜሊያንዱ መካከል ያለው ልዩነት ለእኔ እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚያየው ደግሞ ሁልጊዜ ሐኪም አይደለም። በ1981 መጀመሪያ ወራት አሜሪካ ውስጥ፣ አትላንታ በሚገኘው የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሳንድራ ፎርድ የሚባሉ የመድኃኒት ክፍል ቴክኒሺያን ይሠሩ ነበር። ፔንታሚዲን የሚባል እምብዛም የማይፈለግ መድኃኒት አለ። በአገሪቱ የሚገኘው ከእሳቸው ክፍል ብቻ ነበር። የሚፈልግ ሐኪም ደውሎ፣ የታማሚውን ሁኔታ አስረድቶ ይወስዳል። በዚያ ሰሞን ጥያቄው በረከተ። የሚታዘዝላቸው ወጣት ወንዶች ናቸው። የሰውነታቸው የመከላከል አቅም ለምን እንደተዳከመ የሚያስረዳ የለም። ለአንዱ ታማሚ መልሰው የሚጠይቁ ሐኪሞችም አሉ። ፎርድ ነገሩ ስላላማራቸው ለአለቃቸው ጻፉ። ጁን 5 ቀን ማዕከሉ በሎስ አንጀለስ ስለታመሙ አምስት ወጣቶች አጭር ዘገባ አወጣ። ዓለም ኤድስን መጀመሪያ ያወቀው በዚያ ዘገባ ነው። አስቡት፤ ፎርድ ያዩት የመድኃኒት ጥያቄ ነው እንጂ ታማሚ አይደለም።

በ1999 ደግሞ ኒውዮርክ ውስጥ ወፎች ቀደሙን። ኦገስት ላይ በኩዊንስ የሚሠሩት ዶክተር ዲቦራ አስኒስ የአንጎል ብግነት ይዟቸው ጡንቻቸው የሚዝል አረጋውያን ሲገቡባቸው ለከተማው ጤና ቢሮ ደወሉ። ምርመራ ተደረገ። በትንኝ የሚተላለፈው የሴንት ሉዊስ የአንጎል ብግነት ነው ተባለ፤ ከተማዋ የትንኝ ማጥፊያ መድኃኒት መርጨት ጀመረች። በዚያው ሰሞን ግን ቁራዎች በየመንገዱ እየወደቁ ይሞቱ ነበር። በብሮንክስ መካነ አራዊት ፍላሚንጎ የሚባሉት ወፎችም ሞቱ። የመካነ አራዊቱ ፓቶሎጂስት ዶክተር ትሬሲ ማክናማራ የሞቱትን ወፎች ከፍተው መረመሩ። አንጎላቸውና ልባቸው ተጎድቷል። የሴንት ሉዊሱ ቫይረስ ወፎችን እንዲህ አይጨርስም። ሌላ የተጠረጠረ ቫይረስ ነበር፤ እሱ ቢሆን ደግሞ ቀድመው የሚሞቱት ኢሙ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ነበሩ። ኢሙዎቹ ግን ደህና ናቸው። ስለዚህ ይሄ ሌላ ነገር ነው አሉ።

ሰሚ ለማግኘት ተቸገሩ። የሰው ናሙና በአንድ መንገድ፣ የወፍ ናሙና በሌላ መንገድ ነበር የሚሄደው። የሰው ጤና መሥሪያ ቤት የወፍ ጉዳይ የኔ አይደለም የሚልበት ጊዜ ነበር። በሴፕቴምበር መጨረሻ እውነቱ ወጣ። ዌስት ናይል ቫይረስ ነበር። መጀመሪያ የተለየው በ1937 ኡጋንዳ ውስጥ ነው፤ አሜሪካ አህጉር ላይ ግን ታይቶ አያውቅም ነበር። በዚያ ዓመት 62 ሰዎች በጠና ታመው 7ቱ ሞቱ። አዲስ ከሚነሱ የሰው ተላላፊ በሽታዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህሉ መነሻቸው እንስሳት እንደሆኑ ይገመታል። ታዲያ የእንስሳት ሐኪሙና የሰው ሐኪሙ አንድ ስልክ ቁጥር ላይ መደወል የማይችሉት እስከ መቼ ነው? ይሄ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ሁለት ሚኒስትሮች ተቀምጠው የሚፈርሙት ነገር ነው።

ስለ ፍሳሽ ምርመራ አጭር ነገር ልበል፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ዓለም ጥሩ ሠርቷል። በ2022 በለንደን ፍሳሽ ውስጥ የፖሊዮ ቫይረስ ተገኘ። በዚያ ጊዜ በከተማዋ በፖሊዮ ሽባ የሆነ አንድም ልጅ አልነበረም። ከ1 እስከ 9 ዓመት የሆናቸው የለንደን ልጆች በሙሉ ተጨማሪ ክትባት እንዲሰጣቸው ተወሰነ። በሽታው ራሱ ሳይታይ ተደረሰበት። ይህን አሠራር አቅሙ ባላቸው ከተሞች ብቻ አትተዉት።

አሁን ስለ ማዳመጥ ላንሳ። ዓለም ወሬ የሚለቅሙ ጆሮዎች አሏት። ፕሮሜድ ከ1994 ጀምሮ ሐኪሞችና የእንስሳት ሐኪሞች ያዩትን በኢሜይል ሲያሰራጭ የኖረ አገልግሎት ነው። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2003 አንድ ሐኪም በፕሮሜድ ላይ ጥያቄ አወጡ። ጓንግዡ ውስጥ ወረርሽኝ አለ የሚል ነገር ሰምታችኋል ወይ የሚል ነበር። ወሬውን ያገኙት መምህራን ከሚያወሩበት ቻት ሩም ከሚሳተፍ ሰው ነው። በማግሥቱ ቻይና ለዓለም ጤና ድርጅት 305 ታማሚዎችና 5 ሟቾች እንዳሉ አሳወቀች። ሳርስ የሚባለው አዲስ የመተንፈሻ አካላት በሽታ ነበር። ሃኖይ ላይ አደጋውን ቀድመው የለዩት ጣሊያናዊው ሐኪም ካርሎ ኡርባኒ ራሳቸው በዚያው በሽታ ማርች 29 ቀን ሞቱ። ሳርስ ከ8,000 በላይ ሰዎች ይዞ 774 ገደለ።

ካናዳም በ1997 የጀመረችው ጂፊን የሚባል መረብ ነበራት። የዓለምን ዜና በብዙ ቋንቋ እያነበበ ያልተለመደ በሽታ ሲያገኝ ያስጠነቅቃል። በ2002 መጨረሻ ስለ ሳርስ የወጡ የቻይና ዘገባዎችን ቀድሞ የያዘ እሱ ነው። ይህ መረብ ከሜይ 2019 በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ማስጠንቀቂያ ሳይልክ ቆየ። ባለሙያዎቹ ወደ ሌላ ሥራ ተመደቡ። ቀኑን ልብ በሉት። ኮቪድ ሊነሳ ወራት ሲቀሩት ነው። ፕሮሜድም በ2023 የገንዘብ ችግር ገጠመው፤ ክፍያቸው የዘገየባቸው አርታኢዎች ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ባለ ውሳኔ ነው የሚመጣው።

ዛሬ በርሊን ውስጥ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 የከፈተው የወረርሽኝ መረጃ ማዕከል አለ። በየቀኑ ከኢንተርኔት ብዙ ሺህ ጽሑፍ የሚያጣራ ሥርዓትም አለ። ሰው ሠራሽ አስተውሎትም እየገባበት ነው። ደስ ይላል፤ ይቀጥል። ግን ኮምፒውተሩ የሚያነበው ሰው የጻፈውን ነው። ሰው ካልጻፈ የሚያነበው የለውም።

ሰው ለምን አይጽፍም? አንዱ ምክንያት ፍርሃት ነው። ዲሴምበር 30 ቀን 2019 ፕሮሜድ ከዉሃን ስለተሰማ ምንነቱ ያልታወቀ የሳንባ ምች መረጃ የሚጠይቅ መልእክት አወጣ። በዚያው ቀን የዉሃኑ የዓይን ሐኪም ሊ ዌንሊያንግ አብረዋቸው ለተማሩ ሐኪሞች ተጠንቀቁ ብለው ጻፉ። ጃንዋሪ 3 ቀን ፖሊስ ጠርቶ አስፈረማቸው፤ ወሬ አናፍሰሃል ተባሉ። በኋላ በቫይረሱ ተይዘው ፌብሩዋሪ 7 ቀን ሞቱ። መንግሥታቸው ከጊዜ በኋላ ተግሣጹን አንስቷል። ግን ያንን ፊርማ ያየ ሌላ ሐኪም በሚቀጥለው ጊዜ ምን ያደርጋል?

ሁለተኛው ምክንያት አገር ለአገር የምናደርገው ነው። እዚህ ላይ በጣም እናደዳለሁ። በኖቬምበር 2021 የቦትስዋና እና የደቡብ አፍሪካ ሳይንቲስቶች እንግዳ የሆነ የኮቪድ ዝርያ አዩ። ዘረመሉን አንብበው፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ለዓለም አወጡት። ደቡብ አፍሪካ ለዓለም ጤና ድርጅት ያሳወቀችው ኖቬምበር 24 ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ድርጅቱ ኦሚክሮን የሚል ስም ሰጠው። በእነዚያው ቀናት አገር አገርን እየተከተለ ለደቡባዊ አፍሪካ በረራ በሩን ዘጋ። ከዚያ ኔዘርላንድ ውስጥ ኖቬምበር 19 ቀን የተወሰደ ናሙና ተመርምሮ ቫይረሱ ቀድሞ እዚያ እንደነበረ ታወቀ። በሽታውን ያገኘው ተቀጣ። ይዞት ሳያውቀው የቆየው አልተቀጣም። ከዚህ በኋላ አንድ የጤና ሚኒስትር ስልኩን አንስቶ ከመደወሉ በፊት የንግድ ሚኒስትሩን ቢያማክር ትፈርዱበታላችሁ?

ሕጉ አለን እኮ። ከ2007 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ ከ190 በላይ አገራትን ያስገድዳል። ከዚያ በፊት የነበረው ሪፖርት እንዲደረጉ የሚያስገድደው ኮሌራን፣ ቸነፈርንና ቢጫ ወባን ብቻ ነበር። አሁን ዓለምን ሊያሰጋ የሚችል ማንኛውም ክስተት በተገመገመ በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ጉዞና ንግድን በእጅጉ የሚያውክ ተጨማሪ እርምጃ የሚወስድ አገር ደግሞ የጤና ምክንያቱን በ48 ሰዓት ውስጥ ለድርጅቱ ማስረዳት አለበት። የመጀመሪያውን በየስብሰባው ታነሳላችሁ። ሁለተኛውንም አክብሩት። ቀድሞ ለተናገረ አገር ደግሞ ለሚያጣው ገቢ ማካካሻ የሚሆን ፈንድ ይኑር። ባዶ ምስጋና የቆመ አውሮፕላን አያስነሳም።

የናሙና ነገርም ከዚህ አይለይም። በ2007 ኢንዶኔዥያ የወፍ ጉንፋን ናሙና አልሰጥም አለች። ከናሙናዬ የሚሠራው ክትባት ለሕዝቤ አይደርስም የሚል ነበር ቅሬታዋ። ብዙዎች ኮነኗት። ጥያቄዋ ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ በ2011 የተደረሰው የኢንፍሉዌንዛ ናሙናና ክትባት መጋሪያ ማዕቀፍም የተወለደው ከዚያ ክርክር ነው። በሜይ 2025 የዓለም ጤና ድርጅት አባላት የወረርሽኝ ስምምነት ሲጸድቅ ይኸው የናሙናና የጥቅም ጉዳይ ለሌላ ድርድር ተላልፏል። ናሙና የሰጠ አገር ክትባቱን ቆሞ የሚለምን ከሆነ ናሙና አይመጣም። ሌላ ምስጢር የለውም።

አሁን ወደ ጤና ጣቢያው ልመልሳችሁ። ከዋና ከተማ ርቆ የሚሠራ አንድ ነርስ ያልተለመደ ነገር አየ እንበል። ደም ወሰደ። ናሙናው እንዳይፈስና ተሸካሚውን እንዳይበክል በሦስት ድርብ መታሸግ አለበት። እሽጉ አለው? በቅዝቃዜ መቆየት አለበት። በረዶ አለ? ሞተር ሳይክሉ ነዳጅ አለው? ናሙናው ላቦራቶሪ ሲደርስ መመርመሪያ ኬሚካሉ አላለቀም? ውጤቱ ሲወጣ ለነርሱ የሚነግረው አለ? የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። ግን ደጋግሞ ልኮ አንድም መልስ ያልመጣለት ሰው መላኩን ይተዋል። እኔም ብሆን እተዋለሁ። ጓንትና ጭንብልም አትርሱ። በ2024 ሩዋንዳ ውስጥ የኢቦላ ዘመድ የሆነው ማርበርግ የሚባል በሽታ ሲነሳ ከታመሙት 66 ሰዎች አብዛኞቹ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። ሩዋንዳ በፍጥነት ስለተነሳች የሞቱት 15 ብቻ ሆኑ፤ ለማርበርግ ይህ በጣም ዝቅተኛ ቁጥር ነው።

በባለሙያዎች ዘንድ ሰባት አንድ ሰባት የሚባል ግብ አለ። በሽታው በተነሳ በ7 ቀን ውስጥ ይገኝ፣ በ1 ቀን ሪፖርት ይደረግ፣ በ7 ቀን የመጀመሪያው ምላሽ ይጠናቀቅ ማለት ነው። ሰዓት የሚይዝ ነገር ስለሆነ እወደዋለሁ። የት ላይ እንደዘገየ ያሳያል። ጊኒ ላይ ሰባቱ ቀን ሦስት ወር ሆነ።

ክቡራን የገንዘብ ሚኒስትሮች፣ ቁጥር ስለምትወዱ ሁለት ቁጥር ላስቀምጥላችሁ። በ2022 የዓለም ባንክና የዓለም ጤና ድርጅት ለወረርሽኝ ዝግጁነት በዓመት 31.1 ቢሊዮን ዶላር ያስፈልጋል ብለው ገመቱ። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ደግሞ በዚያው ዓመት ኮቪድ እስከ 2024 ድረስ ለዓለም ኢኮኖሚ የሚያስከትለውን ኪሳራ 13.8 ትሪሊዮን ዶላር አድርሶት ነበር። ማካፈሉን ለናንተ ልተውላችሁ።

በሚቀጥለው የበጀት ክርክር ላይ እነዚህን ጥያቄዎች ለጤና ሚኒስትራችሁ አቅርቡልኝ። በአገራችሁ ካሉት ሁሉ ሩቅ የሆነው ጤና ጣቢያ ነርስ ያልተለመደ በሽታ ካየ ለማን ይደውላል? ሌሊት ቢሆንስ? የእንስሳት ሐኪሙስ? ናሙናው በስንት ቀን ይደርሳል? ያየውን በመናገሩ ከሥራ ቢባረር የትኛው ሕግ ይጠብቀዋል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ከዚያ በየዓመቱ ለሕዝብ አውጡት።

ከአክብሮት ጋር